የጨረር ሕክምናና የሰውነታችን ዘበኞች

የጤና ትምህርት



በዚህ እትም ስለ ካንሰር የጨረር ሕክምና እንማማራለን። ብዙዎቻችን ካንሰር የሚለውን ስም እንሰማለን እንጂ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም። ስለዚህ ሐኪም ጨረር ያዘዘለት ሰው ወደ ሆስፒታል ከመሄዱ በፊት በቡና ላይም ሆነ በራሽን ሰልፍ ላይ ብዙ ወሬ ይሰማል። አንዱ «ጨረር ደም ይጨርሳል» ይለዋል። ሌላው «ሰውነትህ በሽታ የሚከላከልበትን ኃይል ገድሎ ይመልስሃል» ይለዋል። ሦስተኛው ደግሞ «ትንሽ ከተሻለህ ይበቃሃል፤ የቀረው ትርፍ ነው» ብሎ ይመክረዋል። ይህን ሰምቶ ሕክምናውን የተወ ወይም በመካከሉ ያቋረጠ ሰው ሊድን ይችል የነበረውን ሕይወት ሊያጣ ይችላል።

እኛ መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ይህ ትምህርት ነገሩን ለመረዳት ያግዛል እንጂ የሐኪምን ምክር አይተካም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛሬው ትምህርት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም ጨረር የሰውነታችንን የመከላከል ኃይል ይጎዳል ወይስ ይረዳል? የሚለው ነው። መልሱ ሁለቱንም ያደርጋል የሚል ነው። ጉዳቱንና ጥቅሙን ለይቶ ያወቀ ሰው ሕክምናውን ሳይፈራና ሳያቋርጥ ለመጨረስ፣ እግረ መንገዱንም ራሱን ለመጠበቅ ይችላል።

1. ካንሰር ምንድን ነው?

ሰውነታችን ሕዋስ ወይም ሴል በሚባሉ፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ መቼ እንደሚከፈልና መቼ እንደሚሞት የሚነግረው መመሪያ በውስጡ አለው። ይህ መመሪያ ዲኤንኤ ይባላል። መመሪያው ሲበላሽ ሕዋሱ መሞት ሲገባው አይሞትም፤ መከፈሉን ማቆም ሲገባው አያቆምም። እየተባዛ ሄዶ ዕጢ ይሆናል። ከዚያም ከተነሣበት ቦታ አልፎ በደም መንገድና በሊምፍ መንገድ ወደ ሌላ የአካል ክፍል ይዛመታል። በአገራችን ነቀርሳ የምንለው ይህንኑ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ የጨረር ሕክምና ከሚሰጣቸው ካንሰሮች አንዱና ዋናው የማኅፀን በር ካንሰር ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ውስጥ ደጋግመን በምሳሌነት እናነሣዋለን።

2. ዘበኞቹ እነማን ናቸው?

በደማችን ውስጥ ቀይና ነጭ የደም ሕዋሳት አሉ። ነጮቹ የሰውነት ዘበኞች ናቸው። የሚሠሩት ግን አንድ ዓይነት ሥራ አይደለም። ለዛሬው ትምህርታችን ሁለቱን ማወቅ ይበቃናል።

የመጀመሪያዎቹ መልእክተኛ ሕዋሳት ናቸው። በሳይንሱ ዴንድሪቲክ ሴል ይባላሉ። በየአካባቢው እየዞሩ የሞተውንና እንግዳ የሆነውን ነገር ይለቅማሉ። ከለቀሙት ላይ ናሙና ይዘው ወደ ሊምፍ ዕጢዎች ይሄዳሉ። ሊምፍ ዕጢዎች በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ይገኛሉ፤ አብጠው ሲያሙን ንፍፊት የምንላቸው እነርሱን ነው። መልእክተኛው እዚያ ደርሶ «እንዲህ ያለ ጠላት ገብቷል፣ መልኩም ይህን ይመስላል» ብሎ ናሙናውን ያሳያል።

ሁለተኛዎቹ ተዋጊ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ቲ-ሴል ይባላሉ። መልኩን ካጠኑ በኋላ በብዛት ተራብተው በደም ውስጥ ይሰማራሉ። እያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ በገጹ ላይ እንደ መታወቂያ ያለ ምልክት ያሳያል። ቲ-ሴል መታወቂያውን እያየ ያልፋል፤ ጠላት መሆኑን ካወቀ ይገድለዋል።

እነዚህ ዘበኞች ካንሰርን እንደሚጠብቁን በምን እናውቃለን? በአካባቢያችን ያለው ማስረጃ ኤች አይ ቪ ነው። ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው ከቲ-ሴሎች አንዱን ወገን ነው። ዘበኞቹ ሲመናመኑ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለው ካንሰር በብዛት ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በማኅፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች በ6 እጥፍ ይበልጣል። የዚህ ካንሰር መነሻ ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ዘበኞቻቸው ደኅና የሆኑ ሴቶች ግን ቫይረሱ ቢይዛቸውም አብዛኞቹ በ2 ዓመት ጊዜ ውስጥ ራሳቸው ያጠፉታል።

ታዲያ ዘበኛ ካለ ካንሰር እንዴት ይነሣል? ካንሰር ከውጭ የመጣ ጠላት አይደለም፤ ከራሳችን ሕዋስ የተነሣ ነው። የሰፈሩን ልብስ ለብሶ እንደሚሰርቅ ሌባ ማለት ነው። አንዳንዱ የካንሰር ሕዋስ መታወቂያውን ይደብቃል። አንዳንዱ ደግሞ የቲ-ሴልን ፍሬን የሚይዝ ፕሮቲን ያወጣል፤ ቲ-ሴሉ አጠገቡ ቆሞ ሳይነካው ያልፋል። አድጎ ዕጢ ሆኖ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ካንሰር ሁሉ ዘበኞቹን በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ያታለለ ነው።

3. ጨረር በዕጢው ላይ ምን ይሠራል?

ጀርመናዊው ዊልሄልም ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው በ1895 ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ1896 ሐኪሞች ጨረሩን በካንሰር ላይ መሞከር ጀመሩ። ማሪ ኩሪና ባለቤቷ ፒየር ኩሪ ደግሞ በ1898 ራዲየምን አገኙ፤ ይህም ለሕክምና ዋለ። ከካንሰር ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በሕክምናቸው ሂደት በአንዱ ጊዜ ጨረር እንደሚያስፈልጋቸው ዛሬ ይታመናል።

የጨረር ሕክምና እሳት አይደለም፤ ሲሰጥም አያምም። ሕመምተኛው በጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ማሽኑ ከውጭ ወደ ዕጢው ያነጣጥራል። ጨረሩ በሕዋሱ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤውን ይቆርጣል። ጤነኛ ሕዋስ የተቆረጠውን አብዛኛውን ይጠግናል። የካንሰር ሕዋስ ግን ጥገናው ደካማ ስለሆነ ሊከፈል ሲል ይሞታል።

ሕክምናው በአንድ ቀን የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጨረር መጠን የሚለካው ግሬይ በሚባል መለኪያ ነው። ለማኅፀን በር ካንሰር በተለመደው አሠራር ከውጭ የሚሰጠው ጨረር በቀን 2 ግሬይ ያህል እየሆነ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ5 ሳምንት ያህል ይሰጣል። ከዚያም በማኅፀን በኩል ወደ ውስጥ የሚገባ የጨረር ሕክምና ይከተላል። ጤነኛው ሕዋስ በየቀኑ መካከል ይጠገናል፤ የካንሰሩ ሕዋስ ግን ጉዳቱ ይጠራቀምበታል። ሕክምናው በጠቅላላው ከ8 ሳምንት በላይ እንዳይራዘም ሐኪሞች አጥብቀው ያሳስባሉ። ምክንያቱም በመካከል ዕረፍት ከተሰጠው የተረፈው የካንሰር ሕዋስ እንደገና ይባዛል።

4. ኡኡታው፦ ጨረር ዘበኞቹን እንዴት ይቀሰቅሳል?

ለረጅም ዘመን የጨረር ሥራ የካንሰርን ሕዋስ መግደል ብቻ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ሥራም እንዳለው ታወቀ።

በሰፈራችን ሌሊት ሌባ ዝም ብሎ ቢገባ ማንም አይነቃም። ቤት ተሰብሮ ኡኡታ ከተሰማ ግን ጎረቤት ሁሉ በትሩን ይዞ ይወጣል። በጨረር የተመታ የካንሰር ሕዋስ ሲሞት እንዲህ ያለውን ኡኡታ ያሰማል። ኡኡታው በሦስት መንገድ ይሰማል።

አንደኛ፣ ካልሬቲኩሊን የሚባል ፕሮቲን በደኅናው ጊዜ በሕዋሱ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ሕዋሱ በጨረር ሊሞት ሲል ይህ ፕሮቲን ወደ ገጹ ይወጣል። መልእክተኛው ሕዋስ ይህን ሲያይ እንደ «ብላኝ» ምልክት ይቆጥረዋል፤ ሕዋሱንም ውጦ ናሙናውን ይዞ ወደ ሊምፍ ዕጢ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ዲኤንኤ መኖሪያው በሕዋሱ መካከል ባለው ክፍል፣ በኑክሊየስ ውስጥ ነው። በጨረር የተቆረጠው ቁርጥራጭ ከዚያ ወጥቶ በቀረው የሕዋሱ ክፍል ሲበተን ሕዋሱ ቫይረስ የገባበት ይመስለዋል። ምክንያቱም ዲኤንኤ ከቦታው ውጭ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ቫይረስ ሲገባ ነው። በዚህ ጊዜ ሕዋሱ ኢንተርፌሮን የሚባል የማስጠንቀቂያ ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ዘበኞችም ወደዚያ ይጎርፋሉ።

ሦስተኛ፣ በጨረር ተመትተው ገና ያልሞቱት የካንሰር ሕዋሳት ደብቀውት የነበረውን መታወቂያ በገጻቸው ላይ በብዛት ያወጣሉ። ቲ-ሴልም በቀላሉ ያውቃቸዋል።

ይህ በመላ ምት የተነገረ አይደለም። በ1979 በአሜሪካ ተመራማሪዎች ዕጢ ያለባቸውን አይጦች በሁለት ወገን ከፍለው በጨረር መቷቸው። አንዱ ወገን ደኅና ቲ-ሴል ነበረው፤ በሌላው ወገን ቲ-ሴሎቹ እንዲመናመኑ ተደርጎ ነበር። ቲ-ሴል በጎደላቸው አይጦች ላይ ዕጢውን ለማጥፋት ያስፈለገው የጨረር መጠን ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል በልጦ ተገኘ። ከዚህ የምንረዳው ጨረሩ ብቻውን እንዳልሠራ ነው። ዘበኞቹ ከጎኑ ቆመው ሲዋጉ የነበሩ መሆናቸው ታወቀ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላል የአገራችን ሰው።

5. ከዒላማው ርቆ የሚሠራው ጨረር

ነገሩ ከዚህም ያልፋል። በ1953 አር. ኤች. ሞል የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ጨረር ካልነካው ቦታ ላይም ውጤት ሊያሳይ እንደሚችል ጽፎ «አብስኮፓል» የሚል ስም አወጣለት። ትርጉሙ ከዒላማው የራቀ ማለት ነው። ለምሳሌ ካንሰሩ በሁለት ቦታ ያለበት ሰው አንዱ ዕጢ ብቻ በጨረር ሲመታ ያልተመታውም አብሮ ሊቀንስ ይችላል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት ይህን የሚያደርጉት የጠላትን መልክ በአንዱ ዕጢ ተምረው በሌላው የሚያድኑት ቲ-ሴሎች ናቸው።

ይሁን እንጂ በዚህ ተስፋ ላይ ብቻ መንጠልጠል አይገባም። በ2016 የታተመ ጥናት ከ1969 እስከ 2014 ድረስ በሕክምና መጽሔቶች የወጡትን እንዲህ ያሉ ሰዎች ቆጥሮ ያገኘው 46 ብቻ ነበር። በእነዚያ ዓመታት በዓለም ላይ በጨረር የታከመው ሕዝብ ግን በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ስለዚህ «አንድ ቦታ ተመታ፣ የቀረው በራሱ ይጠፋል» የሚል ሰው ቢያጋጥመን ልናምነው አይገባም።

6. ሌላው ወገን፦ ጨረር ዘበኞቹን እንዴት ይጎዳል?

አሁን ደግሞ ወደ ወሬው እንመለስ። ጨረር ደምን ይጎዳል የሚለው እውነትነት አለው።

አብዛኞቹ ሕዋሳት በጨረር የሚሞቱት ሊከፈሉ ሲሉ ነው። ቲ-ሴልና ወንድሞቹ፣ ማለትም ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ግን ሳይከፈሉም በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ከሰውነት ሕዋሳት ሁሉ ጨረር በቀላሉ ከሚጎዳቸው ውስጥ ናቸው። ማሽኑ በሚሠራበት ጊዜ ደም በዕጢው አካባቢ ስለሚያልፍ አብረው ይመታሉ። እንዲሁም የደም ሕዋሳት የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በአዋቂ ሰው ከዚህ መቅኔ ትልቁ ድርሻ የሚገኘው በዳሌና በጀርባ አጥንት ነው። ዳሌ ላይ ጨረር የሚሰጣት የማኅፀን በር ካንሰር ሕመምተኛ ደሟ በየጊዜው የሚመረመረው በዚህ ምክንያት ነው። የሊምፎሳይት ቁጥር ሕክምናው ካለቀ በኋላ ወደ ቦታው ለመመለስ ወራት ሊፈጅበት ይችላል።

ሌላም ጉዳት አለ። ሰውነት የቆሰለ ቦታ ሲያገኝ ቁስሉ እንዲድን ጠቡን ማብረድ ይጀምራል። በጨረር የተመታውንም ቦታ እንደ ቁስል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ዘበኞችን የሚያረጋጉ ሕዋሳትና ንጥረ ነገሮች ወደዚያ ይላካሉ። የካንሰሩ ሕዋስም አስቀድመን ያነሣነውን የቲ-ሴል ፍሬን የሚይዝ ፕሮቲን ይጨምራል። በአንድ በኩል ኡኡታ ይሰማል፣ በሌላ በኩል ደግሞ «ተረጋጉ» የሚል ትእዛዝ ይተላለፋል ማለት ነው። በአንዱ ሕመምተኛ ኡኡታው ያይላል፤ በሌላው ትእዛዙ ያይላል። የአብስኮፓል ውጤት የማይዘወተረው ከዚህ የተነሣ መሆኑ ይታመናል።

እንግዲህ ጨረር ዘበኞቹን ያዳክማል ማለት እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ጨረር ይቅር» ማለት ስሕተት ነው። የጨረሩ ጉዳት በጊዜ የሚያገግም ሲሆን ሐኪም እየመረመረ ይከታተለዋል። ያልታከመ ካንሰር ግን እያደገና እየተዛመተ ይሄዳል።

7. ፍሬኑን የሚለቁት አዳዲስ መድኃኒቶች

አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ የቲ-ሴልን ፍሬኖች መርምረው ፍሬኑን በማስለቀቅ ካንሰርን ማከም እንደሚቻል አሳዩ። በ2018 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተካፈሉ። ከዚህ ምርምር የተገኙት መድኃኒቶች ካንሰሩን በቀጥታ አይገድሉትም፤ የታሰረውን ቲ-ሴል ይፈቱታል።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ግልጽ ነው። ጨረር ኡኡታ ካሰማ፣ መድኃኒቱ ደግሞ ፍሬኑን ከለቀቀ፣ ሁለቱ ቢጣመሩስ? በ2012 የኒው ዮርክ ሐኪሞች የአንዲት የሜላኖማ ሕመምተኛን ታሪክ በሕክምና መጽሔት አወጡ። ሜላኖማ ከቆዳ የሚነሣ ካንሰር ነው። ሴትየዋ ፍሬን የሚለቀውን መድኃኒት እየወሰደች ካንሰሩ ግን ማደጉን ቀጥሎ ነበር። በጀርባ አጥንቷ አጠገብ ያለው ዕጢ በጨረር ከተመታ በኋላ ጨረር ያልነካቸው በሌላ ቦታ የነበሩት ዕጢዎችም ቀነሱ።

የአንድ ሰው ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንምና በብዙ ሰዎች ላይ ተሞከረ። በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የማይችል፣ ገና ሩቅ ያልተዛመተ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው ሰዎች ጨረርና የካንሰር መድኃኒት ከወሰዱ በኋላ ለአንዱ ወገን ፍሬን የሚለቀው መድኃኒት ተጨመረለት። ከ5 ዓመት በኋላ ሲቆጠር መድኃኒቱ ከተጨመረላቸው ከ100 ሰዎች 43 ያህሉ በሕይወት ነበሩ፤ ካልተጨመረላቸው ግን 33 ያህሉ። በአካባቢው ተስፋፍቶ በተገኘ የማኅፀን በር ካንሰርም ላይ እንዲህ ያለ መድኃኒት ከጨረር ጋር ተሰጥቶ በ2024 በወጣው ውጤት፣ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከ100 ሴቶች 83 ያህል ሲሆኑ መድኃኒቱ ያልተጨመረላቸው 75 ያህል ነበሩ።

ሁሉም ሙከራ ግን አልተሳካም። በ2021 በታተመ ጥናት በራስና በአንገት ካንሰር ላይ ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ከጨረር ጋር ቢሰጥም የተጨመረ ጥቅም አልተገኘም። የመድኃኒቱ ዓይነት፣ የሚሰጥበት ጊዜና ጨረሩ የሚያርፍበት ቦታ ለውጥ ሳያመጡ እንደማይቀሩ ተመራማሪዎች ይናገራሉ።

እነዚህ መድኃኒቶች እጅግ ውድ ናቸው፤ ለስደተኛ ቀርቶ ለባለ አገሩም አብዛኛው የሚደርስባቸው አይደሉም። ይህን የጻፍነው ሰው እንዲመኝ ሳይሆን አንድ ነገር እንዲያስተውል ነው። ከላይ በጠቀስነው በማኅፀን በር ካንሰር ጥናት፣ አዲሱ መድኃኒት ካልተጨመረላቸው ከ100 ሴቶች 75ቱ ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት በተለመደው ጨረርና በተለመደው የካንሰር መድኃኒት ነው። ብዙውን ሥራ የሚሠራው ጊዜውን ጠብቆ የተፈጸመ ጨረር ነው።

8. ለእኛ የሚጠቅመን ምንድን ነው?

ሀ. ቶሎ መታየት። በሁለት የወር አበባ መካከል፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ደም ማየት፣ በጡት ላይ ጓጓላ፣ የማይድን ቁስል፣ የማያልፍ ንፍፊት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ካለ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በብዙ ካምፖች ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚላክ ሕመምተኛ ጉዳይ በሪፈራል ኮሚቴ ይታያል፤ ኮሚቴውም የመዳን ተስፋውንና ወጪውን ያመዛዝናል። ቶሎ የታየ በሽታ ተስፋው የበለጠ ስለሆነ ለመላክም ዕድል ያገኛል። እናቶቻችንና እኅቶቻችን በይሉኝታ ሕመማቸውን እንዳይሸሽጉ እንለምናለን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

የጨረር ማሽን በአካባቢያችን ጥቂት ነው። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ1997 ሥራ የጀመረው ክፍል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። በኡጋንዳም በ2016 ብቸኛው ማሽን ተበላሽቶ አዲሱ ሥራ እስኪጀምር ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ፈጅቷል፤ ከሕመምተኞቹም አንዳንዶቹ ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ተገድደዋል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀጠሮ የያዘ ሰው ቀኑን ማሳለፍ የለበትም።

ለ. የጀመሩትን መፈጸም። ደሙ መቆሙ ወይም ሕመሙ መቅለሉ ካንሰሩ አለቀ ማለት አይደለም። አስቀድመን እንዳየነው የተረፈው ሕዋስ ይባዛል። የመጓጓዣ፣ የማደሪያ ወይም የልጆች ጠባቂ ችግር ካለ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ለጤና ሠራተኛው መናገር ያስፈልጋል። ጎረቤትም ልጆችን በመያዝና ራሽን በመቀበል ይረዳ። በዚህ ዓይነት የሚረዳ ጎረቤት ከሕክምናው ድርሻ አለው።

ሐ. የተዳከሙትን ዘበኞች መጠበቅ። በሕክምናው ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከ38 ዲግሪ ካለፈ ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ካለ የሳንባ ነቀርሳ፣ ማለትም ቲቢ ምርመራ ይደረግ፤ ዘበኛው ሲደክም ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊነሣ ይችላልና። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው መድኃኒቱን አንድም ቀን አያቋርጥ። ውኃ አፍልቶ ወይም አክሞ መጠጣት፣ እጅ መታጠብ፣ በአጎበር መተኛት ለዚህ ሰው ከሌላው ይበልጥ ያስፈልገዋል።

መ. ምግብና ቆዳ። የተገኘውን ምግብ ጥቂት በጥቂት ቶሎ ቶሎ መብላት፣ በተለይም ባቄላ፣ ምስር፣ ዕንቁላልና ወተት ከተገኘ እነርሱን ማስቀደም ነው። ጨረር ያረፈበትን ቆዳ በንጹሕ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ ከፀሐይ መሸፈን ይገባል። ሐኪም ሳያዝ ቅባት፣ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይቀባበት። ሲጋራ ማጨስ የጨረሩን ሥራ ስለሚያዳክም መተው ያስፈልጋል።

ሠ. «አቅም ይጨምራል» የሚባል ነገር። የሰውነትን የመከላከል ኃይል ያበዛል እየተባለ የሚሸጥ ክኒንና ሥራሥር አለ። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በወጥ ውስጥ ቢበሉ ጉዳት የለውም። በብዛት የሚወሰድ ክኒን ወይም የባህል መድኃኒት ግን የሕክምናውን ሥራ ሊያበላሽ ስለሚችል ለሐኪም ሳይነግሩ አይወሰድ። ካለችው ጥቂት ገንዘብ ላይ ለእንዲህ ያለው ነገር ከመክፈል ለመጓጓዣ ማቆየት ይሻላል።

ረ. የታከመውን ሰው አለመሸሽ። ከውጭ ጨረር የተሰጠው ሰው በሰውነቱ ውስጥ ጨረር ይዞ አይመጣም። ልጁን ማቀፍ፣ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ መሶብ መብላት ይችላል። በማኅፀን በኩል ገብቶ የሚሰጠውም ቢሆን መሣሪያው ከወጣ በኋላ የሚቀር ጨረር የለም። ካንሰር ራሱም በመንካት አይተላለፍም።

ሰ. ልጆቻችንን ማስከተብ። የኤች ፒ ቪ ክትባት ዘበኞቹ የቫይረሱን መልክ አስቀድመው እንዲያውቁ ያደርጋል። ለሴት ልጆች ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ቢሰጥ የተሻለ ነው። የክትባት ዘመቻ ሲነገር ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን እንዲያቀርቡ አደራ እንላለን።

ማጠቃለያ

ጨረር ካንሰርን ይገድላል፤ የሚሞተውም ካንሰር ኡኡታ አሰምቶ ዘበኞችን ይቀሰቅሳል። ያው ጨረር ደግሞ ከዘበኞቹ ጥቂቱን ይጎዳል፤ እነርሱም በጊዜ ያገግማሉ። የሐኪሙ ድርሻ ጨረሩን መመጠንና ማነጣጠር ነው። የሕመምተኛው ድርሻ ቶሎ መቅረብ፣ መፈጸምና ራሱን ከሌላ በሽታ መጠበቅ ነው። የእኛ የጎረቤቶቹ ድርሻ ደግሞ በወሬ አለማስፈራራትና በሥራ መርዳት ነው።

መልመጃ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቤት ወይም በማታ ትምህርት ክፍል ተወያዩባቸው። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም አንብቡላቸው።

1. የካንሰር ሕዋስ ዘበኞቹን የሚያታልልባቸውን ሁለት መንገዶች ተናገሩ።
2. በጨረር የተመታ ሕዋስ ኡኡታ የሚያሰማባቸው ሦስት መንገዶች የትኞቹ ናቸው?
3. በ1979 በአይጦች ላይ የተደረገው ሙከራ ምን አስተማረ?
4. ወይዘሮ እገሊት የጨረር ሕክምና በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ደሙ ቆመላቸውና ወደ ካምፕ ልመለስ አሉ። ምን ትመክሯቸዋላችሁ? ምክንያቱንስ እንዴት ታስረዷቸዋላችሁ?
5. ጨረር ታክሞ ለተመለሰ ጎረቤት በካምፓችን ልናደርግለት የምንችላቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ።

የቃላት መፍቻ

ሕዋስ፦ ሰውነት የተሠራበት ጥቃቅን ክፍል፤ ሴል።
ዲኤንኤ፦ በሕዋስ ውስጥ ያለ መመሪያ።
ሊምፍ ዕጢ፦ ዘበኛ ሕዋሳት የሚገናኙበት ቦታ፤ ሲያብጥ ንፍፊት የሚባለው።
ቲ-ሴል፦ ጠላትን ለይቶ የሚገድል ነጭ የደም ሕዋስ።
መቅኔ፦ በአጥንት ውስጥ የሚገኝ፣ ደም የሚወለድበት ክፍል።
ግሬይ፦ ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት መለኪያ።
አብስኮፓል፦ ጨረር ካረፈበት ቦታ ርቆ የሚታይ ውጤት።